ባለጉዳይ ቢሞት ነገሩም ይሞታል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ሲባል ብዙዎቻችሁ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ሙግት ጊዜ ይበላል፤ ስንቅ ይበላል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። ይሁን እንጂ መብቱ የተነካበት ሰው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ሌላ በር የለውም። በሩን ካንኳኳ ዘንድ ደግሞ የቤቱን ሥርዓት ማወቅ ይኖርበታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ሁለት ሰዎች ተካሰሱ እንበል። አንዱ «ያበደርኩት ገንዘብ ይመለስልኝ» ይላል። ሌላው «አልተበደርኩም» ይላል። ዳኛው ክሱን ተቀብለው፣ መጥሪያ ልከው፣ ቀጠሮ ሰጥተዋል። የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ግን ከሁለቱ አንዱ ታሞ ሞተ። እንግዲህ ነገሩ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ለሰው ሳቀርብ ሦስት ዐይነት መልስ አገኛለሁ። አንዳንዱ «ባለቤቱ ከሞተ ነገሩም አብሮ ተቀበረ፤ የሞተ ተጎዳ» ይላል። ሌላው «የአባት ዕዳ ለልጅ ነው፤ ልጅየው በሬውን ሸጦም ቢሆን ይክፈል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እሱን ዳኛው ያውቃል፤ እኛ ምን አገባን» ብሎ ይተወዋል። በሦስቱም መልሶች ውስጥ ስሕተት አለ። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሦስተኛው ነው። ምክንያቱን ካደግሁበት ሰፈር በአንድ ታሪክ ላስረዳችሁ።

የአናጢው ወረቀት

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው በውቤ በረሃ ነው። ስሙን ሰምታችሁ አሸዋና እሾህ ያለበት ቆላ እንዳይመስላችሁ። ቤት በቤት ላይ ተደግፎ የተሠራበት፣ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት የከተማ ሰፈር ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈርም ይባላል። ስሙ የመጣው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው። በቀድሞ ጊዜ በቡና ቤቶቹና በሌሊት ጨዋታው የታወቀ ሰፈር ነበር።

በግቢያችን አንድ አናጢ ነበሩ። እኛ ልጆቹ እርሳቸውን «ጋሼ»፣ ባለቤታቸውን «እትዬ» እንላቸዋለን። ጋሼ ለአንድ ቡና ቤት አሥራ ሁለት ወንበርና ሦስት ጠረጴዛ ሠሩ። ባለ ቡና ቤቱ ቀብድ ሰጥቶ «የቀረውን ዕቃውን ስረከብ እከፍላለሁ» አለ። ዕቃውን ሲረከብ «ለበዓል ይሁንልኝ» አለ። በዓሉ ሲያልፍ «ሥራው ጉድለት አለው» አለ። ጋሼ ሽማግሌ ላኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ማመልከቻ አስጽፈው ከሰሱት። የተፈራረሙበት ውል በእጃቸው ነበር። ሁለት ምስክሮችም ነበሯቸው።

ሁለት ጊዜ ችሎት ቀረቡ። በሦስተኛው ቀጠሮ ምስክሮቹ ሊሰሙ ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ ጋሼ ደረታቸውን ታመሙና በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ድንኳን ተተከለ። ዕድሩ ወጣ። ሰፈርተኛው አለቀሰ። ባለ ቡና ቤቱም መጣ። ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ቀመሰ። እትዬንም «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ሄደ።

በሠልስቱ ማግስት እትዬ የጋሼን ሳጥን ከፍተው ወረቀት ያገላብጡ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ና እስቲ ልጄ፣ ይህችን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። የፍርድ ቤቱ ስም አለ። የመዝገብ ቁጥር አለ። የቀጠሮ ቀንና ሰዓት አለ። አንድም ፊደል አልሳትኩም። እትዬ እስክጨርስ አዳመጡኝና «አዬ ልጄ፣ የሞተን ሰው ማን ይቀጥረዋል?» አሉ። ወረቀቷን አጥፈው ወደ ሳጥኑ መለሷት። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ኳስ ልጫወት ወጣሁ።

የቀጠሮው ቀን የዋለው ከአርባው በፊት ነበር። ከጋሼ ቤት ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው የለም። ባለ ቡና ቤቱ ግን ሄዷል። ኋላ መዝገቡ ሲታይ እንደተገኘው፣ ከሳሽ ተጠርተው አልቀረቡም፤ ተከሳሽ ቀርቧል። ያ ለቅሶ የደረሰ ሰው «ከሳሼ እኮ ሞተዋል» ብሎ ለዳኛው አልተናገረም። ዳኛው የከሳሽን መቅረት አዩ እንጂ መሞታቸውን በምን ይወቁ? መዝገቡ ተዘጋ።

ሦስት ወር ቆይቶ እትዬ ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ሄዱ። በጨዋታ መካከል ይህን ነገር አነሡበት። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ «እንዴት! ልጆችዎ ወራሽነታቸውን አስመስክረው፣ እርስዎም በጋራ ንብረትዎ ገብተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ የእናንተ ነበር» አላቸው። እትዬ ወዲያው ማመልከቻ አስገቡ። ጊዜው አልፏል ተባሉ። የአሥራ ሁለቱ ወንበርና የሦስቱ ጠረጴዛ ዋጋ እንደ ወጣ ቀረ። ባለ ቡና ቤቱ ደጅ ሳልፍ በጋሼ ወንበሮች ላይ ሰው ተቀምጦ አይ ነበር።

ይህን ንግግር የማደርገው በዚያች ወረቀት ምክንያት ነው። ፊደሉን አውቄ ነበር፤ የወረቀቷን ትርጉም ግን አላወቅሁም። እናንተም አሁን ፊደል ለይታችኋል። ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ «ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ምን አድርጉ ይለናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከጥንት የመጣ ጥያቄ

አራዳ ለሙግት እንግዳ አገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባለጉዳይ ከየአውራጃው ስንቁን አዝሎ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስትርነት ያገኙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ናቸው። አፈ ንጉሥ ማለት በንጉሡ ስም የሚፈርድ የዳኞች አለቃ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ቁራኛ የሚባል ልማድ ነበር። ባለ ገንዘቡና ባለ ዕዳው እንዳይጠፋፉ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተሳስረው አብረው ይሄዱ ነበር። ቃሉ ዛሬም በአፋችን አለ፤ ሁለት የማይለያዩ ሰዎችን «ተቆራኝተዋል» እንላለን። ሞት ሲመጣ ያን ማሰሪያ ይፈታው ነበር። ዕዳው ግን በማሰሪያው ላይ አልነበረምና ማሰሪያው ስለተፈታ አይጠፋም።

የርስት ሙግትንም አስቡ። አያት የጀመረውን ክርክር የልጅ ልጅ ይዞት ሲሟገት ይታይ ነበር። «በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ይህንኑ ያሳያል። ስለዚህ ነገር በሞት ብቻ እንደማይቋረጥ አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልማዱ ግን እንደየአገሩ ይለያይ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። የመጀመሪያው ሰው በሰው ላይ ያለውን መብትና ግዴታ ይናገራል። ሁለተኛው ሙግቱ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚካሄድ ይናገራል።

ፍትሐ ብሔር ማለት ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ውል፣ ስለ ውርስና ይህን ለመሰለ ነገር የሚደረግ ክርክር ነው። ወንጀል ሌላ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ቢሞት የወንጀሉ ክስ እዚያው ያበቃል። ልጅ ስለ አባቱ ወንጀል አይታሰርም። የተጎዳው ሰው የካሣ ጥያቄ ግን በፍትሐ ብሔር በኩል ከሟች ንብረት ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕጉ ዋና ቃል አጭር ነው። ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ቢሞት፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው መብት ከሞት በኋላ የሚተርፍ ከሆነ ክሱ አይቋረጥም። ወራሹ በሟች ቦታ ይተካል። ክርክሩም ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህ በዓለም ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር አካሉ የተጎዳ ሰው ካሣ ጠይቆ ሳይፈረድለት ቢሞት ጥያቄው አብሮት ይቀበር ነበር። ይህ የተለወጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 በወጣ ሕግ ነው።

ታዲያ የሚተርፈው መብት የትኛው ነው? የማይተርፈውስ?

ብድር ይተርፋል። የተሸጠ በሬ ዋጋ ይተርፋል። የቤት ክርክር ይተርፋል። የሰው ከብት ማሳህን ቢያጠፋው የጠየቅኸው ኪሣራ ይተርፋል። የአናጢው የወንበር ዋጋም የሚተርፍ ነበር። ባጭሩ፣ በገንዘብና በንብረት ላይ ያለ መብት ከሰውዬው ጋር መቃብር አይወርድም።

የማይተርፈው ከሰውዬው ማንነት ጋር የተጣበቀው ነው። ባልና ሚስት በፍቺ ተካሰው አንዳቸው ቢሞቱ የፍቺው ጥያቄ ያበቃል። ጋብቻው በሞት ፈርሷልና ዳኛ የሚያፈርሰው ነገር የለም። ንብረቱ ግን አለ። በሕይወት ያለው ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ይወስዳል፤ የሟች ግማሽ ወደ ውርስ ይገባል። እንደዚሁም አንድ ሠዓሊ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሊሥል ተዋውሎ ቢሞት፣ ልጁ «አንተ ና ሣል» አይባልም። ሠዓሊው ሳይሠራበት የተቀበለው ገንዘብ ግን ከተወው ንብረት ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

በሟች ቦታ የሚተካው ማን ነው?

ሟች ኑዛዜ ከተወ ኑዛዜው ይታያል። ኑዛዜ ከሌለ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በሕጉ ፊት ወንድ ልጅና ሴት ልጅ እኩል ናቸው። በጋብቻ የተወለደውና ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም እኩል ናቸው። «እኅታችን አግብታ ሄዳለች፤ እሷ ምን አገባት» የሚል ወንድም ሕጉን አያውቅም። ልጅ ቀድሞ ሞቶ እሱ የወለዳቸው ልጆች ካሉ የአባታቸውን ወይም የእናታቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ሟች ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለው ወላጆቹ ይወርሳሉ።

ሚስትስ? ባልስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ የሟች ወራሽ አይሆኑም። ይህን ሰምታችሁ ሚስት ባዶ እጇን ትቀራለች እንዳትሉ። በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ነው። ግማሹ ከመጀመሪያውም የእርሷ ነው፤ የምትወስደው የራሷን ነው። እትዬም ስለ ራሳቸው ድርሻና ስለ ትንንሽ ልጆቻቸው ቀርበው መከራከር ይችሉ ነበር። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ራሱ ችሎት ቆሞ አይከራከርምና አሳዳሪው ወይም ሞግዚቱ ስለ እሱ ይቆማል።

ከሳሾቹ ወይም ተከሳሾቹ ብዙ ከሆኑና አንዱ ቢሞት ደግሞ የቀሩት «ነገሩ ቆመ» ብለው አይበተኑ። መሞቱን ለችሎቱ ያመልክቱ። እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀሩት ይቀጥላል፣ ወይም የሟች ወራሽ ይጨመራል።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የሟችን ወረቀቶች በአንድ ቦታ ሰብስቡ። መጥሪያ፣ የክስ ግልባጭ፣ ውል፣ ደረሰኝ ካለ አትጣሉ፤ ለቡና መጠቅለያም አታድርጉት። የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ሞቱን አስመዝግቡ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጽሕፈት ቤቱ የሞት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለፍርድ ቤት ጥሩ ማስረጃ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ በቀጠሮው ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይሂድ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አንድ ሰው ይሂድ! ሌላው ማስረጃ ባይደርስም ይሂድ። ችሎቱ ፊት ቆሞ «ከሳሹ በዚህ ቀን ሞተዋል። የወራሽነት ማስረጃ እያወጣን ነው። ጊዜ ይሰጠን» ይበል። ቢቻል ደግሞ ይህንኑ በጽሑፍ ለመዝገብ ቤት ያስገባ። ሐዘን ያለበት ቤት መውጣት እንደሚከብደው አውቃለሁ። የቅርብ ሐዘንተኛው ባይችል አጎት ወይም ጎረቤት ሄዶ መሞቱን ያሳውቅ።

አራተኛ፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። በገጠር ይህን የሚሰጠው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። በአዲስ አበባ የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ሟች መሞቱንና እናንተ ልጆቹ መሆናችሁን በማስረጃና በምስክር ያጣራል።

አምስተኛ፣ ማስረጃውን አያይዛችሁ ክሱ ላለበት ፍርድ ቤት «በሟች ቦታ እንተካ» ብላችሁ አመልክቱ። ይህ አዲስ ክስ አይደለም። ሟች የሞገተው፣ ያስመሰከረው፣ የተቀበለው ብይን ሁሉ ይቆያል። እናንተ የምትይዙት እሱ ያቆመበትን ጫፍ ነው።

በሟች ውክልና ሲከራከር የነበረ ሰው ካለ ይህንንም ዕወቁ። ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የሰጠው ሰው ሲሞት ይቆማል። «ወኪሉ አለ፤ እሱ ይጨርሰዋል» ብላችሁ አትተኙ። ወራሾቹ አዲስ ውክልና ይስጡት፣ ወይም ራሳቸው ይቅረቡ።

ቀኑ ካመለጠስ? ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊሰርዘው ይችላል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል። አንድ ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው፤ ከአርባው ያንሳል። እትዬ በሦስተኛው ወር ሄዱ።

ተከሳሹ ቢሞትስ?

ይህ ደግሞ የጨርቁ ሌላ ገጽ ነው። ተከሳሽህ ቢሞት «ተገላገለ፣ እኔም ከሰርኩ» አትበል። ወራሾቹን አጣርተህ በሟች ቦታ እንዲተኩ ለፍርድ ቤቱ አመልክት። ወራሾቹም ሲጠሩ አይሽሹ። ሟች ሊያቀርብ ይችል የነበረውን መከራከሪያ ሁሉ እነርሱም ሊያቀርቡ ይችላሉ። አባታቸው ዕዳውን ከፍሎ ደረሰኙ በሳጥን ውስጥ ከሆነ ቀርበው ካላሳዩ ማን ያሳይላቸዋል?

አሁን «የአባት ዕዳ ለልጅ» ወደሚለው እንመለስ። ግማሹ እውነት ነው። ዕዳ የሚከፈለው ሟች ከተወው ንብረት ላይ ነው። ሕጉ ተራ አውጥቶለታል። በመጀመሪያ የቀብር ወጪ ይከፈላል። ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው ወጪ ይከፈላል። ከዚያ የሟች ዕዳዎች ይከፈላሉ። ቀለብና በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የቀረውን ወራሾች ይካፈላሉ። አባት ከተወው ንብረት ዕዳው ቢበልጥ፣ ልጅ በራሱ ላብ የገዛውን በሬ ሸጦ አባቱን ይክፈል አይባልም። ውርሱንም አልፈልግም ማለት ይችላል። ነገር ግን ዕዳ እንዳለ እያወቁ የአባትን እህልና ከብት ተከፋፍሎ በልቶ «ምንም አልደረሰኝም» ማለት አይሆንም። በደረሰህ ልክ ትጠየቃለህ።

መሬትንና አድራሻን በሚመለከት

የገጠር መሬት ክርክር ላይ ያለ ሰው ቢሞትም ነገሩ አብሮት አይሞትም። ይሁን እንጂ የመሬቱን ይዞታ ማን እንደሚወርስ የሚወስነው የየክልሉ የመሬት ሕግ ነው። ስለዚህ ከወራሽነት ማስረጃው ጋር የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ደብተሩ በሟች ስም ስለሆነ ብቻ መሬቱ ባለቤት አጣ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከከተማው ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። አንድ ግቢ አብረው የኖሩ ሰዎች ወደ ተለያየ የከተማው ዳርቻ ሄደዋል። እንዲህ ሲሆን ምስክር ይበተናል። ፍርድ ቤት የላከው መጥሪያም በድሮው አድራሻ ሰው አያገኝም። በገጠርም ቢሆን ሰው በሠፈራ ወይም በሥራ ፍለጋ አገር ይለቃል። ክስ ያለበት ሰው፣ የሟች ወራሽም ቢሆን፣ ቦታ ሲለውጥ አዲሱን አድራሻውን ለመዝገብ ቤት ያስታውቅ።

በሟች ቦታ የተተካ ወራሽ የግድ እስከ መጨረሻው ይሟገት ማለትም አይደለም። ሽማግሌ ገብቶ ቢታረቁ ይቻላል። የእርቁን ቃል በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡ። አባቶች ተኳርፈው የሞቱበትን ነገር ልጆች በእርቅ ቢዘጉት ደስ የሚያሰኝ ነው። ብቻ እርቁ የአንዱ ወንድም ብቻ አይሁን። ሴቶቹም፣ የትንንሾቹም አሳዳሪ ይኑርበት።

ወገኖቼ፤

የነገርኳችሁን ሁሉ ብትረሱ አንዲት ነገር ያዙልኝ። ዕድር ያለው በዕድሩ፣ ቅሬ ያለው በቅሬው ይማከርበት። ለቅሶ ስትደርሱ «እግዜር ያጽናችሁ» ካላችሁ በኋላ፣ ከቤተሰቡ አንዱን ወደ ጎን ጠርታችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። «የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረባቸው ወይ? ወረቀቱስ የት አለ?» በሉ። ወረቀቱ ከተገኘ ማንበብ የሚችል ሰው ቀኑን ያንብብ። ዛሬ ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ነው። አንብቦ ግን ወደ ሳጥኑ አይመልሰው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. አናጢው ከሞቱ በኋላ ለፍርድ ቤቱ ማን መናገር ይችል ነበር? ባለ ቡና ቤቱስ ያደረገው ነገር ተገቢ ነው ትላላችሁ?

2. በሞት የማይቋረጡ ሦስት ዐይነት ክርክሮችን ተናገሩ። የሚቋረጥ አንድ ጨምሩ።

3. አባቱ ዕዳ ትቶ የሞተ ልጅ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃል?

4. በቀበሌያችሁ ባለጉዳይ ሆኖ የሞተ ሰው አለ? ቤተሰቡ ምን አደረገ? ዛሬ ቢሆን ምን ትመክሯቸዋላችሁ?